ጽጌረዳ የሌለበት የጽጌረዳ ሽታ፦ ፌኒል ኤቲል አልኮልና የጅማ ድርሻ

በጅማ መርካቶ የሳሙናና የሎሽን ነጋዴዎች በሚገኙበት መስመር የሚያልፍ ሰው ጽጌረዳ የተሣለበት ማሸጊያ በየሱቁ ያያል። የገላ ሳሙናው፣ የፀጉር ቅባቱ፣ የልብስ ማለስለሻው፣ በመስጊዶች አቅራቢያ ጣት በምታህል ብልቃጥ የሚሸጠው የዘይት ሽቶ፣ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃው ሳይቀር ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል። ሥዕሉ የአበባ ነው፤ ሽታውም ለአፍንጫ የአበባ ነው፤ በውስጡ ግን ከአበባ የተገኘ ጠብታ የለም ቢባል ከጥቂቶቹ በስተቀር ስህተት አይሆንም። ያንን ሽታ በአብዛኛው የሚሰጠው ፌኒል ኤቲል አልኮል የተባለ፣ ቀለም የሌለውና ወፈር ያለ ፈሳሽ ሲሆን፣ በዓለም የሽቶ ኢንዱስትሪ በብዛት ከሚመረቱት ግብዓቶች አንዱ ነው።

ጽጌረዳ የለበትም ማለት ግን ገዢው ተታሏል ማለት አይደለም። ስለ ሽቶ ዋጋም ሆነ ስለ ደኅንነቱ፣ ከዚያም አልፎ ጅማን የመሰለ አካባቢ ከዚህ ገበያ ምን ሊያገኝ ይችላል ለሚለው ጥያቄ፣ ማሸጊያው ላይ የተሣለው አበባ የሚነግረን ነገር በጣም ትንሽ ነው። ብዙ የሚነግረን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሞለኪውል የትኛው እንደሆነና በየትኛው መንገድ ተሠርቶ እንደመጣ ማወቅ ነው።

ጉዳዩን ወቅታዊ ካደረጉት ነገሮች የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 ዓይነት ሸቀጦች መካከል ሽቶና የመዋቢያ ዕቃዎች ይገኙበት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እገዳው ቢነሣም፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ በመውጣቱ የታሸገው የውጭ ሽቶ ከብዙ ገዢ እጅ ራቀ። ክፍተቱን ከሚሞሉት አንዱ ከትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ እየተቀዳ በሚሊ ሊትር የሚሸጠው ቅልቅል ሽቶ ነው። ነጋዴው ዘይቱን መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ ይስባል፣ ወደ ብልቃጥ ያንጠባጥባል፣ ገዢው ከፈለገ በአልኮል ያቀጥነዋል፣ ነቅነቅ ያደርገውና የታወቀ ሽቶ ስም በእስክሪብቶ ጽፎ ይለጥፍበታል። ምን ምን እንደገባበት ብትጠይቁት ስሙን ይነግራችኋል እንጂ ይዘቱን ራሱም አያውቀውም፤ የነገረው የለምና።

ሁለተኛው ምክንያት ከአውሮፓ ኅብረት የመጣ ሕግ ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ በመዋቢያ ምርቶች ማሸጊያ ላይ በስማቸው መጻፍ ያለባቸውን ቆዳን ሊያስቆጡ የሚችሉ የሽቶ ግብዓቶች ዝርዝር ከ26 ወደ 80 ገደማ አሳድጎታል። አዲስ ወደ ገበያ የሚገቡ ምርቶች ከሐምሌ 2018 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2026) ጀምሮ፣ ቀድሞ በገበያ ላይ የነበሩት ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ማሟላት አለባቸው። ለአውሮፓ የወጣ ሕግ ጅማ ምን አገባው የሚል ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ እዚህ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ሳሙናና ሎሽን አንድም ከዚያው የሚመጣ ነው፣ አንድም የእነሱን አጻጻፍ ተከትሎ በሌላ አገር የታሸገ ነው።

በቅድሚያ አበባው ራሱ ምን እንደያዘ እንይ። የሽቶ ዓለም የሚፈልገው ዘይት በዋናነት የሚገኘው ከደማስቆ ጽጌረዳ ሲሆን፣ ይህም በቡልጋሪያ የካዛንላክ ሸለቆ፣ በቱርክ ኢስፓርታና በሳዑዲ ዐረቢያ ጣኢፍ ይለማል። ለቀማው የሚካሄደው ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ነው፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ መዓዛው ከአበባው ላይ ይተናልና። አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎ ግራም አበባ ያስፈልጋል። አበባው ከውኃ ጋር በትልቅ ጋን ተጥዶ፣ አረቄ በሚወጣበት አኳኋን እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ እንዲቀዘቅዝ ይደረግና ከላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ይቀዳል።

እዚህ ላይ ነው የፌኒል ኤቲል አልኮል ጠባይ ነገሩን የሚያወሳስበው። በትኩስ ጽጌረዳ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ከአብዛኞቹ የሽቶ ውህዶች በተለየ በውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ወደ 20 ግራም ሊሟሟ ይችላል። ስለዚህ በእንፋሎት ሲነጠር ዘይቱን ትቶ ከውኃው ጋር ይሄዳል። በዚህ መንገድ የወጣ ውድ የቡልጋሪያ ዘይት ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ፌኒል ኤቲል አልኮል ሲይዝ፣ ያው አበባ በውኃ ፋንታ በማሟሟቻ ፈሳሽ ሲጨመቅ ግን የሚገኘው ምርት ከመቶ 60 እጅ በላይ ይኸው ውህድ ይሆናል። ሁለቱም ከአንድ ማሳ ወጥተው፣ ሁለቱም እውነተኛ የጽጌረዳ ውጤት ተብለው የሚሸጡ ናቸው፤ በይዘት ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። አንድ ሽቶ «ከእውነተኛ ጽጌረዳ የተሠራ» ሲባል የትኛው ጽጌረዳ ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

በእንፋሎት የወጣውን ዘይት በብዛት የሚሞሉት ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል ናቸው። እነሱ ግን ብቻቸውን ሽታውን የጽጌረዳ አያደርጉትም። የስዊዘርላንዱ ፊርሜኒሽ ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ከቡልጋሪያ ዘይት ውስጥ ለይተው ያወጡት ዳማሴኖን የተባለ ውህድ ከዘይቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ባይሞላም ለመዓዛው የሚያዋጣው ድርሻ ከብዙዎቹ ይበልጣል፤ አፍንጫ እጅግ በጣም ጥቂቱን ይለየዋልና። ይህ ዳማሴኖን በተቆላ ቡና ውስጥም ይገኛል፤ እንዲያውም ለቡናው መዓዛ ወሳኝ ከሆኑት ውህዶች ይቆጠራል። የጅማ ሰው በየቀኑ ከምጣዱ በሚነሣው ጢስ ውስጥ ከጽጌረዳ ዘይት ጋር የሚጋራውን ሽታ ይስባል ማለት ነው፤ ከሌሎች መቶዎች ውህዶች ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ ግን ማንም ጽጌረዳ ሸተተኝ አይልም።

ሰው ሠራሹ ፌኒል ኤቲል አልኮል የሚመረተው ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች ነው። አንደኛው መንገድ ቤንዝን የተባለውን ጥሬ ኬሚካል (የመኪናው ቤንዚን አይደለም) በአሉሚኒየም ክሎራይድ አማካይነት ከኢቲሊን ኦክሳይድ ጋር ማጣመር ነው። ሌላው ስታይሪን ኦክሳይድን በሃይድሮጅን መለወጥ ሲሆን፣ ከዚህ የሚወጣው ምርት የተሻለ ንጹሕ ስለሚሆን ሽቶ ቀማሚዎች ይመርጡታል። ከዚህም ሌላ ለፕላስቲክ የሚሆኑ ኬሚካሎችን የሚያመርቱ ግዙፍ ፋብሪካዎች እንደ ተረፈ ምርት ያገኙታል። የኪሎው ዋጋ በጥቂት ዶላር የሚቆጠረው በዚህ የተነሣ ነው። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ደግሞ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። በጅማ ሱቅ በመቶ ብር ደረጃ የሚሸጥ ሳሙና ከሁለቱ የትኛውን እንደያዘ ለመገመት የኬሚስትሪ ትምህርት አያስፈልግም።

ርካሽነቱ ብቻ አይደለም ተፈላጊ ያደረገው። ሽታው ለስላሳ ነው፤ ቢበዛም አይከረፋም። በሳሙና ውስጥ ያለው አልካሊ ብዙ የሽቶ ውህዶችን ሲያበላሽ እሱ ይቋቋመዋል። ሌሎች ኃይለኛ ሽታዎችንም አንድ ላይ የማያያዝ ጠባይ አለው። ከዚህ በላይ ደግሞ አንዳንድ ባክቴሪያዎች እንዳያድጉ ያግዳል። የሕክምና ላቦራቶሪ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች አፍኖ ግራም ፖዘቲቮቹ ብቻ እንዲያድጉ ለማድረግ የሚዘጋጀው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ስሙንም ኃይሉንም ያገኘው ከዚሁ ውህድ ነው።

ወደ ደኅንነቱ ስንመጣ በብዙ ሰው አእምሮ የተቀመጠው ሚዛን መፈተሽ አለበት። ከአበባ የመጣው ደኅና ነው፣ ከፋብሪካ የመጣው ጎጂ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሽቶ ላይ አይሠራም። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የአውሮፓ ዝርዝር ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጄራኒዮልና ሲትሮኔሎል አሉበት፤ እነዚህ ደግሞ የተፈጥሮ ጽጌረዳ ዘይት ዋና ዋና ይዘቶች ናቸው። አሁን በተስፋፋው ዝርዝር ውስጥ ዳማሴኖንና ዘመዶቹ ተጨምረዋል፣ የጽጌረዳ ዘይት ራሱም በስሙ ገብቷል። ከነዳጅ ውጤት የሚሠራው ፌኒል ኤቲል አልኮል ግን አልገባም። በተጨማሪም የተፈጥሮው ዘይት ሜቲል ዩጂኖል የተባለ ውህድ ይይዛል። ይህ ውህድ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ካንሰር የማስከተል ባሕርይ ስለታየበት፣ አውሮፓ ቆዳ ላይ በሚቆይ ተራ ቅባት ውስጥ ከመቶ 0.0002 እጅ እንዳይበልጥ ገድቦታል። በእኔ ግምት በዚህ ረገድ ገዢውን የሚያሳስተው ፋብሪካው ሳይሆን «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚለው ማስታወቂያ ነው፤ ቆዳው በጄራኒዮል የሚቆጣ ሰው ከሁሉ በፊት መሸሽ ያለበት ያንን ውዱን የተፈጥሮ ዘይት ነውና።

ይህ ማለት ሰው ሠራሽ የሆነ ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የአበባ ሽታ ይሰጥ የነበረውና ሊሊያል በሚባል የንግድ ስም የሚታወቀው ሰው ሠራሽ ግብዓት በመራቢያ ጤና ላይ ጉዳት ያስከትላል ተብሎ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 2022 ጀምሮ በአውሮፓ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ ታግዷል። ከዚያ ቀን በፊት የተመረተ ዕቃ ግን ጊዜው ሳያልፍበት፣ አንዳንዴም ካለፈበት በኋላ፣ ቁጥጥር ወደላላበት ገበያ መሻገሩ አይቀርም። ማሸጊያው ላይ «ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል» የሚል በላቲን ፊደል ተጽፎ ያገኘ ሰው ያንን ዕቃ ቢተወው ይሻለዋል።

የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ራሱን የቻለ ዘዴ አለው። በይዘት ዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል አንድ ቃል ይገኛል፤ ፌኒል ኤቲል አልኮልን ጨምሮ በአሥሮች የሚቆጠሩ ውህዶች በዚያ አንድ ቃል ሥር ይጠቃለላሉ። ከዚያ ቀጥሎ ሊናሎል፣ ሊሞኒን፣ ሲትሮኔሎል፣ ጄራኒዮል እየተባለ በተናጠል የሚዘረዘረው ሕጉ በስማቸው ይጻፉ ያላቸው ብቻ ነው። ቆዳ ላይ በሚቆይ ቅባት ውስጥ መጠናቸው ከመቶ 0.001፣ ታጥቦ በሚወገድ ሳሙና ውስጥ ደግሞ ከመቶ 0.01 እጅ ሲበልጥ መጻፍ ግዴታ ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ የረዘመ ሳሙና ኬሚካል የበዛበት መስሎ የሚታያቸው ገዢዎች ነገሩን ገልብጠው እያዩት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የረዘመው አምራቹ የያዘውን ስለተናገረ ነው። አንድም ስም ሳይጠቅስ «ፓርፉም» ብቻ ብሎ ያለፈ፣ ወይም እንደ ቅልቅሉ ሽቶ ምንም ያልተጻፈበት ዕቃ ነው የበለጠ የሚያጠራጥረው። በአገራችን መዋቢያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን ያለው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በስሪንጅ እየተለካ የሚሸጠው ግን ማሸጊያም የአምራች ስምም ስለሌለው ለየትኛውም ተቆጣጣሪ አያመችም። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ከመግዛቱ በፊት ጥቂቱን በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ቢጠብቅ ቢያንስ ከፊት እብጠት ይድናል።

በጅማ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ አልኮል ከተባለ ለምን አልኮል አልባ በሚባለው ሽቶ ውስጥ ይገባል የሚል። ኬሚስቶች አልኮል የሚሉት አንድ ነገር ሳይሆን ትልቅ ቤተሰብ ነው፤ የሚያሰክረው ኤታኖል ከዚያ ቤተሰብ አንዱ አባል ሲሆን፣ ፌኒል ኤቲል አልኮል፣ ጄራኒዮልና ሲትሮኔሎል ሌሎች አባላት ናቸው። የጽጌረዳ አበባ ራሱ የሚሸተው በእነዚህ ነው። የሃይማኖቱን ፍርድ ለዑለማዎቹ ትተን ከኬሚስትሪው አንጻር ብቻ ስንናገር፣ አልኮል አልባ የሚለው ጽሑፍ ኤታኖል አልተጨመረበትም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጅማ ድርሻ እንለፍ። ኢትዮጵያ በአበባ ኤክስፖርት ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛ መሆኗ፣ ከምትልከውም አብላጫው ጽጌረዳ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ሽቶውን ለምን እዚሁ አንሠራም፣ በየእርሻው የሚጣለውን ጽጌረዳስ ለምን አንጨምቀውም የሚለው ሐሳብ በየስብሰባው ይሰማል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ የሚያስኬድ ግን አይመስለኝም። በባቱ፣ በሆለታና በሰበታ የሚለማው ጽጌረዳ የተመረጠው ግንዱ እንዲረዝም፣ በአውሮፕላን ተጉዞ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ እንዲቆይ ነው እንጂ እንዲሸት አይደለም። ብዙዎቹ ዝርያዎች አፍንጫ ውስጥ ቢገቡ እንኳ የቅጠል ሽታ ብቻ ይሰጣሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ መዓዛ ባላቸው ጽጌረዳዎች ውስጥ ጄራኒዮልን ለመሥራት የሚያስፈልግ አንድ ኢንዛይም (በሕያው ነገር ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) መዓዛ አልባ በሆኑት ውስጥ እምብዛም እንደማይሠራ አሳይተዋል። የሌለ ነገር ደግሞ አይጨመቅም። ለማስቀመጫ የለማ አበባ በተደጋጋሚ ፀረ ተባይ የሚረጭበት መሆኑም ሌላ እንቅፋት ነው፤ ዘይቱ ሲወጣ ርጭቱም አብሮ ሊጠራቀም ይችላል።

ከጽጌረዳ ይልቅ የሚቀርበው ሣር ነው። ፓልማሮዛ የሚባለው ሣር ሁላችን ከምናውቀው ከጠጅ ሣር ጋር የአንድ ወገን ዝርያ ሲሆን፣ ከዘይቱ ውስጥ ከመቶ 70 እስከ 85 እጅ ጄራኒዮል ነው። ድሮ ከሕንድ ተነሥቶ በቀይ ባሕር ወደቦች አልፎ ኢስታንቡል የሚደርሰው የፓልማሮዛ ዘይት የጽጌረዳውን ዘይት ለመበረዝ ይውል እንደነበር የሽቶ ታሪክ ይናገራል፤ የተበረዘው ዘይት ገዢዎችን ለረጅም ጊዜ ማታለል መቻሉ ለሣሩ ጥራት ምስክር ነው። ከ100 እስከ 300 ኪሎ ሣር አንድ ኪሎ ዘይት ይሰጣል። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ፓልማሮዛን፣ ጠጅ ሣርንና የሽቶ ጄራኒየምን በመሳሰሉ መዓዛማ ዕፅዋት ላይ ሲሠራ ቆይቷል፤ የጅማ ዝናብና አፈርም ለእነዚህ የሚከብድ አይደለም። ጥያቄው ቡና፣ ጫትና በቆሎ የያዙትን መሬት ሣር ሊወዳደር ይችላል ወይ ነው፤ በደጋማው ጥላ ሥር ባለው የቡና መሬት ላይ አይችልም፤ ቡና በማይበቅልበት ቆላ ላይ ግን ቢሞከር አይከፋም። (ጄራኒዮል ለጅማ ንብ አናቢም እንግዳ አይደለም፤ ንቦች መንጋቸውን ወደ ቀፎ ለመጥራት ከሆዳቸው ጫፍ የሚለቁት ሽታ ዋና ይዘቱ እሱ ነው።)

ፌኒል ኤቲል አልኮል ራሱ ግን ከሣር አይገኝም። የሚገኘው ከእርሾ ነው፤ ትንታኔው ለጅማ የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው፣ እርሾ በሚብላላበት ፈሳሽ ውስጥ ፌኒል አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ሲያገኝ ናይትሮጅኑን ለራሱ ያስቀርና የተረፈውን አካል ደረጃ በደረጃ ለውጦ ፌኒል ኤቲል አልኮል አድርጎ ወደ ፈሳሹ ይለቀዋል። በወይን ጠጅና በቢራ ውስጥ በየሊትሩ በአሥሮች ሚሊ ግራም የሚለካ መጠን የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ማር፣ ውኃና ጌሾ ጋን ውስጥ ተደባልቀው ሲብላሉም ሥራውን የሚሠራው ያው የእርሾ ወገን ነው፤ የበሰለ ጠጅ ከብርሌው አፍ የሚያወጣው ያ አበባ አበባ የሚል ሽታ ከማሩ ብቻ የመጣ አይደለም፣ የእርሾው እጅም አለበት።

በአውሮፓ የምግብ ማጣፈጫ ሕግ መሠረት በእርሾ ወይም በኢንዛይም ከተፈጥሮ ጥሬ ዕቃ የተሠራ ውህድ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ መሸጥ ይችላል። ሞለኪውሉ ከነዳጅ ከተሠራው ጋር አንድ ነው፤ ሽታውም አንድ ነው። ዋጋው ግን ሰማይና ምድር ነው፤ ከነዳጅ የመጣው በኪሎ ጥቂት ዶላር ሲያወጣ የእርሾው በመቶዎች ይቆጠራል። ርካሹን ገዝቶ በውዱ ስም መሸጥም አያዛልቅም። ከሕያው ነገር የመጣ ካርቦን ውስጥ ካርቦን 14 የተባለው ጨረር አመንጪ ዓይነት በጥቂቱ ይገኛል፤ ለሚሊዮኖች ዓመታት ከምድር በታች በቆየው ነዳጅ ውስጥ ግን ጠፍቷል። ገዢው ጥቂት ጠብታ ወደ ላቦራቶሪ ልኮ ማስለካት ብቻ ይበቃዋል።

በጅማ ዙሪያ ለእርሾ የሚሆን ስኳር ያለው ተረፈ ምርት አለ። እሸት ቡና በመፈልፈያ ጣቢያ ሲያልፍ ከክብደቱ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ገለፈት ሆኖ ይቀራል። ይህ ጣፋጭ ገለፈትና የእጥበቱ ፍሳሽ በየወንዙ እየገባ ውኃውን ማሽተቱና ማጥቆሩ፣ ከታች ያለው ገበሬም ከብቱን ሌላ ወንዝ ፍለጋ መንዳቱ በለቀማ ወራት የተለመደ ሮሮ ነው። ገለፈቱን ጨምቆ እርሾ ማብቀያ ማድረግ የሚለው ሐሳብ ስለዚህ ሁለት ጥቅም ያለው ይመስላል፤ ወንዙን ያድናል፣ በዶላር የሚሸጥ ምርት ያስገኛል።

መሰናክሎቹን በዝርዝር ማየት ግን ግድ ነው። ትልቁ እርሾው ራሱ ነው። ፌኒል ኤቲል አልኮል ባክቴሪያን እንደሚያግድ ሁሉ እርሾንም ይመርዛል፤ በሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም ሲደርስ እርሾው ማደጉን ያቆማል። ይህም ማለት አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ጋን ሙሉ ተብላልቶ የሚሰጠው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው፤ እሱንም ከዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ መለየት ያስፈልጋል። በሠለጠኑት ፋብሪካዎች እርሾው እየሠራ ሳለ ምርቱን ወደ ዘይት ወይም ወደ ሌላ መሳቢያ ነገር እያስተላለፉ ከእርሾው ያርቁታል። ይህ ደግሞ በጠጅ ቤት ዕውቀት የሚሠራ አይደለም፤ ሙቀቱንና አሲዱን በየደቂቃው የሚለካ መሣሪያ፣ ንጽሕናው የተጠበቀ ታንክ፣ ምርቱ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይጠይቃል። ጅማ ዩኒቨርሲቲና የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በአጠገቡ መኖራቸው ባለሙያ የማግኘቱን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነውንና መለዋወጫውን ግን አያቀርብም።

ወቅቱም አለ። ገለፈት የሚገኘው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከወጣ ከአንድ ቀን በኋላ መሽተት ይጀምራል። ካፌይንና ታኒን ስላለበት ለእርሾውም ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ምግብ አይደለም። ለሦስት ወር ብቻ ሠርቶ ዘጠኝ ወር የሚዘጋ ፋብሪካ ዕዳውን አይከፍልም። ዓመቱን ሙሉ ለማሠራት ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ያስፈልጋል፤ የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ሩቅ ባይሆንም ለሞላሰስ የከብት መኖና የኤታኖል አምራቾችም ተሻሚዎች ናቸው። በመሆኑም ሐሳቡን በቡና ገለፈት ስም ብቻ ማቅረብ ለጽሑፍ ያምራል እንጂ ለባንክ ብድር አይበቃም።

ጥቂት ስለ ሕክምናው ልበልና ወደ ዋናው ሒሳብ እመለሳለሁ። ፌኒል ኤቲል አልኮል አፍንጫን ሳያቃጥል ሽታ ብቻ ስለሚሰጥ ሐኪሞች የማሽተት ኃይልን ለመለካት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በኮቪድ ምክንያት ብዙ ሰው ሽታ ሲጠፋበት የተስፋፋው የማሽተት ልምምድም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከጀርመን ድሬስደን በወጣ ጥናት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ታካሚው ለ12 ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ አራት ሽታዎችን እንዲያሸት ያደርጋል፤ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ሦስቱን የጅማ ሰው ከጓሮውና ከገበያ ያገኛቸዋል፤ የባሕር ዛፉን ጠረን የሚሰጠው ሲኒዮል በኮረሪማችን ውስጥም በብዛት አለ። በጠርሙስ ከውጭ መምጣት ያለበት የጽጌረዳው ብቻ ነው።

የሒሳቡ ቁልፍ ያለው በጥሬ ዕቃው ላይ ነው። እርሾ ስኳር ብቻ ቢሰጡት የሚያወጣው ፌኒል ኤቲል አልኮል ጥቂት ነው፤ ገበያ የሚያዋጣ መጠን የሚገኘው ፌኒል አላኒን ሲጨመርለት ነው። ያ አሚኖ አሲድ ደግሞ አስፓርቴም ለተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ግብዓት ስለሆነ በዓለም ላይ በገፍ ይመረታል፤ በአገራችን ግን አይመረትም። በዶላር ገዝቶ፣ በጅቡቲ አስገብቶ፣ ጅማ ድረስ አጓጉዞ፣ በእርሾ ለውጦ መልሶ በዶላር መሸጥ ማለት ነው። በመካከሉ የሚቀረው ትርፍ ሊበቃ የሚችለው ገዢው «ተፈጥሯዊ» ለሚለው ስም የሚከፍለው ጭማሪ ሳይወርድ ከቆየ ነው፤ ለዚህም ፌኒል አላኒኑ ራሱ ከነዳጅ ሳይሆን በመብላላት የተሠራ መሆኑን በሰነድ ማሳየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጅማ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ገንዘቤን ላውል የሚል ባለሀብት ከታንኩና ከገለፈቱ በፊት መጨረስ ያለበት ሁለት ደብዳቤ ነው፤ አንዱ ፌኒል አላኒኑን ከነምንጩ ማረጋገጫ ከሚያቀርብለት ድርጅት፣ ሌላው ምርቱን በስንት ዋጋና ለስንት ዓመት እንደሚወስድ ከሚፈርምለት ሽቶ ቀማሚ።